አሥራ ሰባት ጊዜ የሞተችው ጎረቤት

በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ «ሟች» አላት፣ ሟች ሆና ቀረች። ሃያ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ንግሥትም እናትም ሆና የተወነች ሴት ናት። እሱ ንፍጡን መጥረግ ሳያውቅ ለእሷ ይጨበጨብላት ነበር።

እኔ የፊልሙ ደም ሠሪዋ ነኝ። ስኳር አፍልቼ ቀይ ቀለም እጨምርበታለሁ፤ ዝንብ ይወደዋል፣ ተዋናይ ይጠላዋል።

ፊልሙ አስቂኝ ነው ይባላል። አንዲት ልጅ በነቃች ቁጥር ያው ቀን ይመለስባታል፤ ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ደረጃውን ወጥቶ መጀመሪያ የሚወጋው ሁልጊዜ ጎረቤቷን ነው። ጎረቤቷ ሟች ናት። በሯን ትከፍታለች፣ ትወድቃለች። አሥራ ሰባት ጠዋት፣ አሥራ ሰባት ሞት። ደረጃውን የተከራየነው ለሦስት ቀን ብቻ ስለነበር ሁሉንም አከታትለን ቀረጽነው። ሦስት አንድ ዓይነት የቤት ቀሚስ ነበራት፤ አንዱን ስትለብስ አንዱን አጥባለሁ፣ ሌላው ይደርቃል።

ይህን ሁሉ የቻለችው ለአሥራ ስምንተኛው ጠዋት ብላ ነው። በዚያ ጠዋት በሩን ገዳዩ ላይ ዘግታ «ዛሬ አልሞትም» ትላለች። በፊልሙ ውስጥ ያላት ንግግር ይኸው ነው። ደሙን ስጠርግላት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየተለማመደች ነው።

በሦስተኛው ቀን ያ ጋጠወጥ ዳይሬክተር ሐሳቡን መቀየሩን ነገራት። በመጨረሻውም ትሞታለች፣ የበለጠ ያስቃል አለ። ስክሪፕቱ ላይ ተጽፏል ብትለው የጻፈው እሱ መሆኑን አስታወሳት። ከዚያ ሁላችን ፊት፣

«እትዬ፣ ስትወድቂ እንጂ ስታወሪ ማን ያይሻል?» አላት።

ገዳዩ ሳቀ። እሷ ግን ደም የሞላሁትን ላስቲክ በቀሚሷ ሥር እንዳስርላት ብቻ ጠየቀችኝ።

ካሜራው ቤቱ ውስጥ ነበር፣ ካሜራማኑና እኔም እዚያው። ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ ከገዳዩ ኋላ ቆሞ ትከሻውን መታ እያደረገ ነበር የሚያስገባው። ካሜራማኑን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሳይታዘዝ በማቆሙ አዋርዶታል፤ ከእሱ አፍ «ቁረጥ» ሳይሰማ ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ እንዳያቆም አስጠንቅቆታል።

ገዳዩ ቢላውን አነሣ። ሟች በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችበትና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረች።

«ዛሬ አልሞትም» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ዳይሬክተሩ በሩን በቡጢ ይነርት ጀመር። «ቁረጥ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ካሜራማኑ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምንም አልሰማሁም አልኩት። እሱም አልሰማም። በሩን የከፈተችው ጠዋት የሚመስለው ብርሃን ከሄደ በኋላ ነው።

አከራዩ አራተኛ ቀን አልሰጥም በማለቱ ያ ቀረጻ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገባ። ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ ሙሉ ያጨበጨበው ለዚያ በር ነው፤ ተነሥቶ እጅ የነሣው ግን ዳይሬክተሩ ነበር። የእሷን ስም በየፊልም ቢሮው «አስቸጋሪ ናት» እያለ አጠፋው። ሁለት ዓመት የቀጠራት የለም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ዳይሬክተር ለፊልሙ ሟች ፈልጎ ወደ እሷ ላከኝ። በሯን ገርበብ አድርጋ እስከመጨረሻው አዳመጠችኝ። ያለቀ ጫማዋን አየሁት፤ ሥራው እንደሚያስፈልጋት እሱ ራሱ ይናገራል።

«እናገራለሁ?» አለችኝ።

«አይ፣ እንደገባሽ ነው የምትሞቺው» አልኳት።

በሩን ዘጋችብኝ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ።