ወደ ላይ መስጠት

እንግሊዝኛ ቀላል ቋንቋ ነው የሚሉኝን አላምንም። ግሱ ብቻውን ሲሆን ጨዋ ነው፤ «ጊቭ» መስጠት ነው፣ ተስማምተናል። «አፕ» የምትባል ቁራጭ ከኋላው ስትለጠፍ ግን ውሉ ይጠፋል። እኔ ውሉ የጠፋኝ በደርግ ዘመን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ለመምህርነት ሥልጠና ሞጣ ላይ ቃለ መጠይቅ ስገባ ነው። ካላለፍኩ ቢቸና ተመልሼ ሥራ ፈት መሆኔ ነበር፤ ሥራ ፈት ጎረምሳ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለጦር ግንባር ቅርብ ነው።

ከቢቸና ከመነሣቴ በፊት የ«ጊቭ አፕ»ን ፍቺ አባቴን ጠየቅኋቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የማያውቁት ቋንቋ ግን አያስፈራቸውም።

«ሰጠ ነው ያልከኝ? ወዴት?»

«ወደ ላይ።»

«ታዲያ ምኑ ጠፋህ አንተ? ወደ ላይ የሚሰጥ ምንድን ነው? መባ ነዋ!»

ሰሙ መስጠት፣ ወርቁ መባ። ግራ መጋባቴ ለቀቀኝ፤ ቢያንስ እስከ ሞጣ።

ፈታኙ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ከረባት ያሰሩ ሰው ነበሩ። መኪና የማይገባበት ገጠር ብትመደብስ፣ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁና ጨመሩበት፤ «ዊል ዩ ጊቭ አፕ?»

ደረቴን ነፋሁ። «የስ ሰር! ኤቭሪ ዴይ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ኤቭሪ ዴይ?»

«ዊዝ ኦል ማይ ኸርት!»

ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት። «በል ሂድ ወንድሜ» አሉኝ በአማርኛ፤ «ገና ሳይጀምር ተስፋ የሚቆርጥ መምህር አንፈልግም።»

ተስፋ የቆረጠው ማን ነው? እስከ ቢቸና ድረስ በጭነት መኪና ላይ ይህንኑ ሳሰላስል መጣሁ። ያለፉት ስም ሲለጠፍ የእኔ የለም።

«ምን ማለት ኖሯል?» አሉ አባቴ።

«መተው። ተስፋ መቁረጥ።»

«ታዲያ ለእግዜር የሰጠኸውን አልተውከውም? ያስገባኸውን መባ በማግሥቱ ሄደህ መልሱልኝ ትላለህ? አንተማ በትክክል ፈትተኸዋል። ወርቁን ያጣው ያ ፈታኝህ ነው።»

ልክ መሆኔ ቀበሌውን አላሳመነውም። ክረምቱ እንደወጣ ለዘመቻ ተጠራሁ። ግንባሩ በሰሜን ነበር፤ ካርታ ላይ ደግሞ ሰሜን ወደ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ለሚሸኘው ልጅ ሲመርቅ አባቴ ዝም አሉ፤ አንድ ቃል አልፈቱም። ያን ቀን መባ ሆኜ እንደሆነ፣ ወይስ ተትቼ፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሁሉ አልነገረኝም።