መቀመጫ ሰፊዋ ከተራራው ስትወርድ

ሴትዮዋ የሞተር ብስክሌት መቀመጫ ትሰፋለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው ከጎማ ጠጋኙ ጎን ባለችው ክፍል ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። አሮጌውን ልባስ ትገሽልጣለች፣ የሞተውን ስፖንጅ ታወጣለች፣ አዲሱን ሸራ ወጥራ ትሰፋለች። ለሰው መቀመጫ ስታበጅ ትዋል እንጂ እሷ መቀመጥ አይሆንላትም። የስፌት መኪናዋን እንኳ ቆማ እንድትሠራበት፣ ብየዳ ሠራተኛው ታናሽ ወንድሟ እግሩን በብረት አስረዝሞላታል። ፀጉር አስተካካዩ ባሏ ምሳ ላይ፣ «አንቺ ሴት፣ ወንበሩ ያቃጥላል እንዴ?» ይላታል። ሰፈሩ «መርፌ» የሚላትም ስለቀጠነች ብቻ አይደለም።

ወንድሟና ስምንት ጓደኞቹ እሁድ እሁድ በሞተር ተራራ ይወጣሉ። የዘጠኙንም መቀመጫ የሰፋችው እሷ ናት። ማን ወደ ግራ እንደሚያጋድል፣ ማን ፍሬን ሲይዝ ወደፊት እንደሚንሸራተት ከሸራው አበላል ታውቃለች። መንገዱን ግን አይታው አታውቅም። ልጇ አግብታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጠቧታል፤ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት በረንዳ ስትል መሽቶ ይነጋል። አንድ ቅዳሜ ወንድሟን ያዘችው።

«ነገ ከኋላህ እቀመጣለሁ።»

«አንቺ? እትዬ፣ አንቺ ልትቀመጪ?»

«እቀመጣለሁ አልኩህ!»

«እሺ። ብቻ እንዳትንቀሳቀሺ።»

በማግስቱ ማለዳ ተነሡ። ከፊት የሚመራው ፀጉሩ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ፋርማሲስት ነው። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር የሴትዮዋ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር። ደስ አላት፤ ግን ደስታው አላስቀመጣትም። ገደሉን ለማየት ወደ ቀኝ ትሰግጋለች፣ የኋለኞቹን ለመቁጠር ትዞራለች፣ ከወንድሟ ትከሻ በላይ ፍጥነቱን ታነባለች።

«እትዬ፣ በፈጠረሽ!» ይላል እሱ።

«ዝም ብዬ ነው'ኮ!»

አናቱ ላይ ደርሰው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። እሷ በቁሟ በላች። ቁልቁል ሲመለሱ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከታች አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አየች። ወንዝ ይሁን የቤት ቆርቆሮ አልለየችም። ለማየት ብድግ አለች። ሞተሩ አጋደለ፣ የኋላው ጎማ ጠጠሩ ላይ ሸሸ፣ ሁለቱም ተያይዘው መንገዱ ዳር ተዘረጉ።

እሷ ክርኗ ተላጠ። የወንድሟ ቀኝ የእጅ አንጓ ግን ወዲያው አበጠ። ፋርማሲስቱ መጥቶ ዳሰሰና በጨርቅ አሰረለት።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ጠጠሩ ነው» አለ ወንድሟ።

«ጠጠሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ነው» አለች እሷ፤ ፊቷ ደም መሰለ።

ወንድምየው በዚያ እጅ መንዳት አይችልም፤ ከጓደኞቹ አንዱ ከሆነው መምህር ኋላ ይቀመጣል። ሞተሩስ? ስምንቱም የራሳቸውን ይዘዋል። ፋርማሲስቱ እዚያው ጥለውት ነገ ይመለሱ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ።

«እኔ አወርደዋለሁ» አለች።

«እርስዎ መንዳት ይችላሉ?»

«በግቢዬ ውስጥ እችላለሁ።»

እውነቷን ነው። መቀመጫ ሰፍታ ስትጨርስ፣ የደንበኛውን ሞተር ቤቷ ገፍታ ትወስድና የግቢዋን በር ዘግታ በአንደኛ ማርሽ ዙሪያውን ትነዳዋለች። አሥር ዓመት እንዲህ ስታደርግ ከባሏ በቀር ያወቀ የለም።

«በሁለተኛ ማርሽ ብቻ» አለ ፋርማሲስቱ። «ከኋላዬ። እንዳይቀድሙኝ።»

ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። በአራተኛው ተነሣ። መሪውን አንቃ ያዘች፤ ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። አራት አምስት መታጠፊያ እንዳለፈች ትንፋሿ ተመለሰ። ያን ጊዜ ፋርማሲስቱ አስጠላት። የሽሮፕ ጠብታ የሚቆጥር ይመስል ነበር፤ ድንጋይ ባየ ቁጥር ይቆማል። ቻለች፣ ቻለች፤ መንገዱ ሰፋ ሲል ነዳጅ ሰጥታ በጎኑ ሽው አለች።

ወንድሟ ከመምህሩ ኋላ ሆኖ «ሞተሬን! ኧረ ሞተሬን!» ይጮሃል።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቆማ እየጠበቀቻቸው ነበር። ቆማ ማለት ሞተሩን ስትዞረው። ፋርማሲስቱ ሄልሜቱን አወለቀ፤ ያን ሁሉ ዓመት የቆጠበውን ቃል በአንድ ጊዜ አወረደባት። ቢወድቁስ? ከኋላ የሚመጣውን ሰው አስበዋል? ጥፋቷን አመነች፣ ይቅርታም ጠየቀች፤ እግሯ ግን አላረፈም።

አንዴ ከወጣሁ ይወጣልኛል ብላ ነበር። ባሰባት። ሰኞ ጠዋት የስፖንጅ ቢላዋዋን ይዛ ስትቆም ክፍሏ ከቀድሞው ይልቅ ጠበበች፤ ልቧ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

የወንድሟ አንጓ ተሰንጥቆ ሦስት ሳምንት በጀሶ ከረመ። አመሻሽ ላይ ሱቋን እየዘጋች ብየዳ ቤቱ ትሄዳለች፤ እሱ በግራ እጁ ሲበይድ ብረቱን ትይዝለታለች። ብረቱም ከእሷ ጋር ይወዛወዛል፤ ብየዳው ይጣመማል፤ ይጨቃጨቃሉ።

ጀሶው በተፈታ ቀን እጁን እያፍታታ፣ «ከእንግዲህ ከኋላዬ አትቀመጪም፤ በቃ» አላት።

«ማን ሊቀመጥልህ?» አለችው። «የሚሸጥ ሞተር ፈልግልኝ።»