ከመጻፋችን በፊት

ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ሠርግ አጋሮ ወርጄ ከመናኸሪያው ስወጣ፣ በመንገዱ ዳር ሰሌን ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና ሽታ ተቀበለኝ። ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ፣ ፀሐይ እየበረታ ሲሄድ አፍንጫን የሚይዝ ሽታ ነው። ሌላውን ሰው ገበያ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን ግን ወስዶ ስምንተኛ ክፍል ያስቀምጠኛል። ትምህርት ቤታችን ከአንድ ነጋዴ የቡና ማስጫ ጋር አጥር ይጋራ ስለነበር፣ ሽታው መስታወት በሌላቸው መስኮቶች ገብቶ ከጠመኔው ብናኝ ጋር ተደባልቆ ከእኛ ጋር ይማር ነበር።

በዚያ ዘመን እኔ በድርሰት የታወቅሁ ተማሪ ነበርሁ። ርእሱ ክረምት ከሆነ ሰማዩን ጥቁር ካባ አለብሰዋለሁ፤ እናት ከሆነ ዘጠኝ ወር ተሸክማ እላለሁ፤ መደምደሚያዬ ደግሞ ምንጊዜም መፈክር ነው። ስለ ላም ጥቅም የጻፍሁት እንኳ ያለቀው አብዮቱን ከግቡ አደርሳለሁ ብዬ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው የልብስ ሰፊው ልጅ ዘይነባ ግን ሁለት መስመር ጽፋ ትቆማለች። ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ የጽሑፍ አማርኛ እጇን ያስረው ነበር እንጂ፣ በእረፍት ሰዓት ወሬ ስትጀምር የኳስ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ኳሳቸውን ታቅፈው ይሰሟታል።

የዚያን ዓመት አዲስ የአማርኛ አስተማሪ መጡልን፤ መምህር ታደለ ይባላሉ፤ ከመንዝ የመጡ ቀጭን ወጣት ናቸው። የመጀመሪያ ድርሰቴን ሲመልሱልኝ፣ «አንብቤዋለሁ፤ አንቺን ግን ውስጡ አጣሁሽ» አሉኝ። ቀጥለው ወደ ክፍሉ ዞረው፣ «ዛሬ እስክሪብቶ አይነሣም፤ እንወያያለን» ሲሉ ሁላችንም ተስተካክለን ተቀመጥን። እኛ የምናውቀው ውይይት አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያጨበጭብበት ነበርና የነጋዴው ልጅ ኑረዲን ምንም ሳይባል ማጨብጨብ ጀመረ። መምህሩ ሳቁ፤ ከዚያም አግዳሚዎቹን አዙረን ፊት ለፊት እንድንተያይ አደረጉን።

ርእሱ «በር» ነበር። ስለ በር ምን ይወራል ብለን ስናጉረመርም፣ «የቤታችሁ በር ሲከፈት ምን ዓይነት ድምፅ አለው?» ብለው ጠየቁ። ኑረዲን የእነርሱ በር እንደታነቀች ዶሮ እንደሚጮኽ ድምፁን አስመስሎ አሳየን። እኔ፣ «በር የቤት ክብር ነው» ብዬ ጀመርሁ።

«የማን ቤት?» አሉኝ።

ዘይነባ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በኦሮምኛ ብናገርስ?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ አየት አደረጉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ አይታለፍም። «ተናገሪ፤ ያልገባኝን ጓደኞችሽ ይነግሩኛል» አሏት።

ታላቅ ወንድሟ አብዱ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ጀምሮ እናቷ በር አታስዘጋም አለችን።

«ሌባ ቢገባስ?» አለ ኑረዲን።

«ሌባ የፈለገውን ይውሰድ፤ ልጄ መጥቶ ተቀርቅሮ ካገኘው ግን የረሳሁት ይመስለዋል ትላለች።»

«ኤርገሲ ሆ?» አለ አንድ ልጅ ከጥግ፤ ከዚያስ ማለቱ ነው።

«ከዚያማ አባቴ ተነሥቶ ይዘጋዋል። እሱ ሲተኛ እሷ ተነሥታ ትከፍተዋለች። በዚህ ነገር ግን ወላሂ አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም።»

መምህሩ ቀስ ብለው፣ «አሁን ጻፉ» አሉ። ዘይነባ «መቀርቀሪያ እንዴት ነው የሚጻፈው?» እያለች ክርኔን እየነካች ገጹን ሞላችው። እኔም ለድመታችን ተብሎ በራችን ላይ ስለተቀደደው ቀዳዳ፣ ድመቷ ከሞተች በኋላም አባቴ ሊደፍነው እጁ እንዳልታዘዘለት ጻፍሁ፤ መፈክር የሚገባበት ቦታ አጣሁለት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዘይነባ ጽሑፏን የምታነብበት ቀን፣ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ያወራሉ የሚል ወሬ የደረሰው አንድ ካድሬ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። የመምህሩ ግንባር ላብ አወጣ። «ዘይነባ፣ ካልፈለግሽ ሌላ ቀን ይሁን» አሏት። እሷ ግን ተነሣች፤ ፊደል እየገደፈች፣ እየቆመች፣ እስከ መጨረሻው አነበበች።

ካድሬው፣ «ከወንድምሽ ደብዳቤ ይመጣል?» አላት።

«አይመጣም፣ ጓድ።»

ተነሥቶ መምህሩን ወደ ውጭ ጠራቸው። የተባባሉትን አልሰማንም፤ መምህሩ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሱ ጀመር። እኛም ተነሥተን አገዝናቸው። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ የምናየው የፊተኛውን ልጅ ማጅራት ሆነ።

ወሬው ግን አልቆመም፤ ወደ መንገድ ወጣ። ድርሰት በታዘዝን ቁጥር ወደ ቤት ስንሄድ ድልድዩ ላይ ቆመን አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው «ኤርገሲ ሆ?» ይላል፤ ከመካከላችን ያልተናገረውን የሚጽፍ አልነበረም። አንዳንድ ቀን መምህሩ ሊሰሙን ከኋላችን እርምጃቸውን ያዘገዩ ነበር፤ አንድ ጊዜማ ራሳቸውን መግዛት አቅቷቸው፣ በዚያ የመንዝ አንደበት «ኤርገሲ ሆ?» ብለው አሳቁን። በዓመቱ መጨረሻ ተዛወሩ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

አብዱ መንግሥት ሲለወጥ በእግሩ ተመለሰ። የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የሰፈሩ በር ሁሉ ክፍት በሆነበት ሰዓት።

ዘይነባ አግብታ ጅማ ገባች፤ እዚያም ቦሳ አዲስ በተባለው ሰፈር ኖረች። ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ለቅሶ ደርሼ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥሁና ይህንኑ ለልጆቿ አጫወትኋቸው፤ ሰምተውት አያውቁም። ትንሿ ልጇ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ጠጋ አለችኝ።

«ከዚያስ፣ እትዬ? አጎቴ ሲገባ አያቴ ምን አለችው?»

«እሱን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም» አልኋት። ያን የምታውቀው ዘይነባ ነበረች።