የአባቴ ጥቁር አዝሙድ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ወይራ በሚያብብበት ሰሞን ነው። ሳልዋሽ ዋሽተሻል ስለተባልኩ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምኖረው አፉላ ኢሊት በሚባል ሰፈር፣ ከአባቴ ጋር ነው። የምሠራው ታች ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው። ይህ ከመሆኑ በፊት አንድ ሠርግ ላይ የበላሁት ነገር ከንፈሬን አሳብጦ፣ ጉሮሮዬን ዘግቶ በአምቡላንስ ተወስጄ ነበር። የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ውጭ እህል መቅመስ እፈራ ነበር። ለአለርጂ ምርመራ ቶር፣ በዕብራይስጥ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያገኘሁት ወራት ጠብቄ ነው።

ውጤቱን ስለሚያጠፋው ከምርመራው በፊት የአለርጂ ክኒን እንዳቆም ታዘዝኩ። ሳቆም የወይራው አበባ አለርጂ ተነሣብኝ። ቀን ሳስነጥስ እውላለሁ፤ ማታ አፍንጫዬ ተደፍኖ እንቅልፍ የለም። አባቴ ጥቁር አዝሙድ ወቅጠው፣ በማር ለውሰው ጠዋት ጠዋት ያቀምሱኝ ጀመር። ጎንደር ሳሉ እናታቸው እንዲህ ያደርጉላቸው ነበር።

መጀመሪያ ብዙም አልረዳኝም። ከዚያ ግን በድንገት ተሻለኝ። ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል እንጂ አፍንጫዬ ተከፈተ።

"አባዬ፣ መድኃኒትዎ ሠራ!" ስላቸው ፈገግ አሉ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ክንዴ ላይ ጠብታዎች አድርጋ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው። ከጠብታዎቹ አንዷ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ ማበጥ አለባት፤ ምርመራው መሥራቱ የሚታወቀው በእሷ ነው። ጠበቅን። እሷም አላበጠች።

"ክኒን ወስደሻል" አለችኝ።

"አልወሰድኩም።"

"ለምን ትዋሺያለሽ? ስንት ሰው የሚጠብቀውን ቶር እኮ ነው ያባከንሽው።"

እንባዬ መጣ። ስለ አዝሙዱ ስነግራት ሐኪሙን ጠራችው። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ አለርጂ የሚያስታግስ ነገር እንዳለ ተመራማሪዎች እያጠኑት መሆኑን ነገረኝ። በማንኪያ የተላሰ አዝሙድ ግን ምርመራውን እንዲህ ጨርሶ ያጠፋዋል ብሎ አላመነም። ሌላ ቶር ተሰጠኝ።

ቤት እንደገባሁ "አባዬ፣ ማሩ ላይ ሌላ ምን ጨመሩበት?" አልኳቸው።



"አዝሙዱ ብቻውን አልቻለም" አሉ። "ትንፋሽ አጥሮሽ ስትገላበጪ በግድግዳው እየሰማሁ እንዴት ልተኛ? ለእኔ ማሳከክ የሰጡኝን ክኒን ፈጭቼ ጨመርኩበት። የከለከሉሽ ያንቺን ክኒን ነው፤ የእኔን መች አሉ?"

የእሳቸውም የአለርጂ ክኒን ነበር። ጮህኩባቸው። ሳልጠየቅ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ውጬ ማሽን ላይ ስሠራ መክረሜን ነገርኳቸው። ለቀናት በቅጡ አላናገርኳቸውም።

ቀጠሮዬ ሲደርስ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። አባቴ፣ የትኛውም ቢሮ ስንገባ "ተናገሪልኝ" ብለው እኔን የሚገፉ ሰው ናቸው፤ በዕብራይስጣቸው ያፍራሉ። ነርሷ ስትመጣ ግን ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ፊት ከወንበራቸው ተነሡ።

"ሂ ሎ ሺክራ። አኒ ሳምቲ" አሏት። እሷ አልዋሸችም፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ ማለታቸው ነበር።

ነርሷ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ጠብታዋ አበጠች። ሠርጉ ላይ ሊገድለኝ የነበረው ሰሊጥ መሆኑም ታወቀ። አሁን ከሰሊጥ የሚሠራው ተሒና ያለበት ምግብ አጠገብ አልደርስም።

አባቴ የሠሩት ነገር አደገኛ ነበር፤ ይህን ዛሬም እነግራቸዋለሁ። ነገሩ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ግን ንዴቴ አይደለም። ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ስለ እኔ ብለው ቆመው፣ በዚያ በሚያፍሩበት ዕብራይስጥ ሲናገሩ ነው።