ወይን አምጣ የተባልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ አንድ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ወይን ላምጣልዎ?» አለኝ። «የትኛውን ወይን?» አልኩት። ቀይም ነጭም እንዳለ በትሕትና ይነግረኝ ጀመር። እኔ የጠየቅሁት ስለ ቀለሙ አልነበረም። ቆጣ ብዬ መለስኩት መሰለኝ፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ነገሩ ጣሊያን ሳይመጣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሐረር ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ አልጋ ከያዙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው፣ ትኩሳቱ ሰውነታቸውን ጨርሶት፣ እንደማይተርፉ እሳቸውም እኛም አውቀናል። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ቆርበው መሞት። በዚያ ጠዋት የንስሐ አባታችን መጥተው፣ ሲራራ ነጋዴው ስለዘገየ ቤተ ክርስቲያኑ ለቅዳሴ የሚሆን ወይን እንደጨረሰ ነገሩን። «ከሶፊ ወዲያ፣ ተራራው ላይ፣ አንድ ግሪክ ወይን ተክሏል ይባላል። ዛሬ ወይን ካመጣህልኝ ነገ በማለዳ አቆርባቸዋለሁ» አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰሙ እናቴ የያዘችላቸውን ውሃ በእጃቸው ገፉት። «እንግዲህ ጾመኛ ነኝ» አሉ። ቄሱ ከማታ ጀምሮ ቢጾሙ ይበቃል ቢሏቸው ማን ሰምቷቸው።

ጓደኛዬን አብዶሽን ይዤ ሄድኩ። የጀጎል ልጅ ነው፤ አባቱ መጽሐፍ ይደጉሳሉ፤ መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። በኤረር በር ወጣን። የጥቅምት ተራራ ሲያዩት በዓለም ላይ ሕመም ያለ አይመስልም። ማሽላው አፍርቶ ራሱን ደፍቷል፤ ጫቱ በእርከን በእርከን ዳገቱን ይወጣል፤ ነፋሱ እርጥብ ሣር ይሸታል። አብዶሽ ሸንኮራ እየላጠ ያቀብለኛል። አባቱ የሚሞትበት ሰው ሸንኮራ እየመጠጠ አገር አይቶ ይደሰታል? እኔ ተደሰትኩ። ሆዴ እየባባ፣ እግሬ እየሮጠ፣ ዓይኔ ግን ያይ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። ግሪኩ ከሐረጉ ሥር ወጥቶ በተሰባበረ አማርኛ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን።

«ወይን» አልኩት።

«የሚበላ ነው የሚጠጣ?»

ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል? ከጽዋው የሚጠጣ አይደለም እንዴ። «የሚጠጣ» አልኩት በኩራት።

ጠርሙሱን ሊያመጣ ሲገባ ሚስቱ ምንጣፍ ላይ ካሰጣችው ደረቅ ወይን እፍኝ እፍኝ ሰጠችን። አብዶሽ ቀምሶ «ይሄን ለአባትህ ብንይዝላቸውስ? የበሽተኛ አፍ መራራ ነው» አለኝ።

«አባቴ ጾመኛ ናቸው አላልኩህም?» ብዬ ተቆጣሁት። ሁለታችንም ድርሻችንን እዚያው ቆመን ጨረስን።

ስንመለስ በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አብዶሽ «ወላሂ አንተስ ትሰብረዋለህ» ብሎ ጠርሙሱን ነጠቀኝ፤ አስካሪ መጠጥ መያዝ ለሱ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ተውኩለት። በኩታው ጠቅልሎ እስከ ደጃችን አደረሰልኝ። የጀጎል በር ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋል፤ እኛ ለጥቂት ደረስን።

የንስሐ አባታችን ደጅ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጠርሙሱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እኔ ያልኩህ ዘቢቡን ነው፤ ደረቁን። እሱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ጨምቀን ነው የምንቀድስበት። ይሄ አይሆንም» አሉኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ውስጥ የሚዘጋጀውን ካህናቱ እንጂ እኛ ምእመናን አናይም። ከየት ልወቅ? እፍኝ ሙሉ በልቼ መምጣቴን ግን አልነገርኳቸውም። የከተማው በር ተዘግቷል፤ አባቴም ሌላ ቀን የላቸውም።

ገባሁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«መጣ?» አሉኝ።

«መጣ፣ አባባ» አልኳቸው።

እናቴ ውሃውን እንደገና አቀረበችላቸው። «ነገ እቆርባለሁ እኮ» ብለው ፊታቸውን መለሱ። ምላሳቸው ደርቆ ከላንቃቸው ሲጣበቅ ይሰማኝ ነበር። ሳይነጋ ሞቱ።

ቄሱ «እግዚአብሔር ምኞታቸውን እንደ ቁርባን ይቆጥርላቸዋል» አሉን፤ አምናቸዋለሁ። ጠርሙሱንም ለራሴ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ፤ ያልገባው ልጅ የተሳሳተው ነው። አሁን የእሳቸውን ዕድሜ አልፌ፣ ልጆቼ አጠገቤ ውሃ አስቀምጠውልኝ ስተኛ የማስበው ሌላውን ነው። «አልሆነም፣ አባባ፣ ውሃ ይጠጡ» ብላቸው ይጠጡ ነበር።