ስኳር የበሉት ሰባት ዘመዶቼ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ስኳር የሚታደለው በቤተሰብ ብዛት ነበር። ቀበሌው መዝገቡን ይገልጥና «ስንት ናችሁ?» ይላል፤ ሰውም እንደ ኅሊናው ስፋት ይመልሳል። የእኛ ከተማ ሰው ኅሊና ደግሞ እንደ ሊማሊሞ ገደል ነው፤ ታቹ አይታይም። ሁለት ሰው ያለበት ቤት አምስት ይላል፣ አምስት ያለበት አስር። ገዳም የገቡት፣ ገና ያልተወለዱት፣ በጣሊያን ጊዜ የተቀበሩት ሁሉ በየወሩ ስኳራቸውን ሳያዛንፉ ይወስዱ ነበር።

እኔ የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነበር። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚያልፈው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት ነበረች። የፊተኛዋ ሻይ ቤት፣ የኋለኛዋ መኝታችን። ደባርቅ ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ከብርዱ የተነሣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስሙን መናገር ስለማይችል፣ አክስቴ ሳትጠይቅ ሻይ ትሰጠዋለች። ስሙን የሚያስታውሰው ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው። ለሌላው ሰው ስኳር ቅንጦት ከሆነ ለእኛ ጉሮሯችን ነበር።

አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ የጣለኝ ሰሞን ነው። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የቤተሰቡን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። አክስቴ «አራት በል፤ ከዚያ በላይ እግዜርም አይወድም» ብላኝ ነበር። እኔ ዘጠኝ አልኩ። አንዴ መዋሸት ከጀመርኩ በአራት ማቆም ውሸትን መናቅ መሰለኝ። ሰባት ሰው ፈጠርኩ፤ ስም ከየዕለቱ ቅዱስ እየወሰድኩ አወጣሁላቸው፤ ሁለቱን መንታ፣ አንዷን አንካሳ አደረግኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቅጹን አይቶ ፈገግ አለና ማኅተሙን መታ። ፈገግታው ገብቶኛል። እሱ ራሱ ከሚስቱና ከአንዲት ልጁ ጋር በመዝገቡ አስራ አራት ነበር።

ይህ ሊቀመንበር ጎረቤታችን ነው፤ በአንድ አጥር ነው የምንለያየው። እኔ በማጋነን የታወቅኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሰው ክፋት ግን እስከ ዛሬ ማጋነን አልቻልኩም፤ የማወራው ሁሉ እያነሰ ያስቸግረኛል። ጥላው አጥራችንን ካለፈ ያ መደብ ጎመን አያበቅልም ነበር ብላችሁ ይበቃል።

በበጋው አጋማሽ የፕላን ባለሙያ ከላይ መጣ። የተጨናነቁ ከተሞችን ለማቃለል በአቅራቢያቸው አዲስ ከተማ እንዲቆረቆር አዋጅ ወጥቷል፤ እሱ ደግሞ ቤት ለቤት ዞሮ የደባርቅን ሰው ሊቆጥር ነው። አንድ ጠዋት ወጣ። ንፋሱ ባርኔጣውን ወስዶ ተራራው ማዶ አምቢኮ መንደር አደረሰው፤ የሰፈራችን ውሻ በበኩሉ የሱሪውን አንድ እግር አስቀረ። ሰውዬው ተመልሶ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከሰል ዳር ቁጭ አለና «የቤተሰብ መዝገብ የላችሁም?» አለ። የስኳሩን መዝገብ ሰጡት።

በስኳሩ መዝገብ ሲሰላ ደባርቅ በአንድ ፍራሽ ስድስት ሰው የሚተኛባት፣ አንዱ ሲገላበጥ አምስቱ የሚወድቁባት ከተማ ሆና ተገኘች። ባለሙያው ሲያነብ እንባ አቀረረ ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው ወጥቶ፣ ከዋናው መንገድ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስሄድ ሜዳ መረጠ። ሜዳው ክረምት ሲገባ ረግረግ እንደሚሆን የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንዳልነገሩት ኋላ አንዱን ሽማግሌ ብጠይቃቸው «ጠየቀን እንዴ? የተማረ ነው፣ ያውቃል ብለን» አሉኝ።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ መመሪያውን ያለ ነጥብ ያለ ሰረዝ አነበበው። በሁለት ክፍል ከስምንት ሰው በላይ የሚኖርበት ቤት ፈርሶ ባለቤቱ ወደ አዲሱ ከተማ ቀዳሚ ሆኖ ይሄዳል። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ የአክስቴ ሦስተኛ ነበር። የሊቀመንበሩ የለም። ከስብሰባው በፊት ዶሮ ቤቱን፣ የከብት በረቱንና ማድ ቤቱን በክፍል አስመዝግቦ ባለ ስድስት ክፍል ባለጸጋ ሆኗል።

አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ዘጠኝ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት መራችኝ። ስንገባ በሩን ዘግታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ሞቱ በል።»

«ሰባቱም? ለቅሶ የት ተቀመጣችሁ፣ እድሩ ድንኳን የት ተከለ ቢሉንስ?»

«እንግዲያው አገር ለቀው ሄዱ በላ።»

«ወዴት? ዘንድሮ ከደባርቅ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ጫካ ገባ ነው የሚባለው። ሰባት ሽፍታ አሰልፋ የሸኘች ሴት ልትሆኚ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ስትፈጥራቸው መውጫ አታበጅላቸውም ነበር?»

«አላሰብኩትም።»

«እውነቱን እናገራለሁ» አለች። «ስኳሩን ይከልክሉኝ። ይህን ቤት ግን ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ያሠራሁት ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሻይ የሚጠጣልኝ ማን ነው? ቆቅ ነው?»

በማግስቱ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ቀበሌ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ባለሙያው ከከሰሉ ሳይርቅ ተቀምጧል፤ ሊቀመንበሩ አጠገቡ።

«ይቀመጡ እናቴ» አለ ባለሙያው።

«መቀመጡስ ይቅርብኝ። እኔና ይህ ልጅ ብቻ ነን። ሰባቱ የሉም፤ ለስኳር ብለን ነው።»

ባለሙያው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ያመናት ይመስለኛል። «ጥናቱ እኮ ተልኳል» አለ በመጨረሻ። «ዘጠኝ ተብሎ ክፍለ ሀገር ገብቷል። አሁን ይህን ቤት ባወጣው ሌላውም ልቀነስ ይላል። ሁሉም ከተቀነሰ አዲሱ ከተማ ለማን ነው የሚሠራው?»

«ለእናንተ ነዋ። እኔ ምን አውቄ።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ በደንብ ያስቡበት። የሌለ ሰው ስም አስመዝግቦ የሕዝብ ስኳር መውሰድ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ቅጹን የሞላው ልጅ ደግሞ ይኸው ቆሟል። ሁለት ነን ካሉ እሱን ዛሬውኑ ለአብዮት ጥበቃ አስረክባለሁ። ዘጠኝ ነን ካሉ የሚፈርስ ቤት ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ ስንት ናችሁ?»

የአስራ አራት ሰው ስኳር የበላ ሰው ነው ይህን የሚጠይቃት፣ ዓይኑን ሳያሽ። እኔ ስለ ዶሮ ቤቱ ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ ሳትዞር በክርኗ ደረቴን መታችኝ። እስካሁን ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል።

«ዘጠኝ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቤቷን ያፈረስነው በሳምንቱ ነው። ቆርቆሮው አንድ በአንድ ወረደ፤ አክስቴ ምስማሩን በድንጋይ እያቃናች በጣሳ ሰበሰበች። ጎረቤቶች ወራጁንና ማገሩን ሊሸከሙ መጡ። እኔም ዋናውን ምሰሶ ልይዝ ጎንበስ አልኩ።

«አንተ ተወው» አለችኝ። «እነዚያ ሰባቱ ይሸከሙት።»

ሰው ሳቀ። ቀልድ ስለመሰላቸው ነው። እሷ አልሳቀችም፤ ትከሻዋን ከምሰሶው ሥር አስገብታ ከወንዶቹ እኩል ተነሣች። እኔ ከኋላ ባዶ እጄን ተከተልኩ፤ ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜም ዞር ብላ አላየችኝም።

ሜዳው ላይ አንድ ክረምት ነው የኖረችው። አውቶቡስ የለ፣ መንገደኛ የለ፤ ሻይዋን ንፋስ ይጠጣዋል። ሐምሌ ላይ ውሃው መደቡን ተሻገረ፤ ከአዲሱ ከተማ ነዋሪ ደህና የተመቸው እንቁራሪት ብቻ ነበር። ባለሙያው ያኔ ሌላ ከተማ ሊያቃልል ተዛውሯል። አክስቴ ምስማሯን እንደገና ነቅላ ዳባት እህቷ ዘንድ ገባች፤ እዚያ ሻይ መሸጥ ጀመረች። እኔ ደባርቅ ስለቀረሁ በየሳምንቱ እየሄድኩ ውሃ እቀዳላታለሁ፣ እንጨት እፈልጥላታለሁ። ትመግበኛለች፤ ብዙም አታናግረኝም። ደባርቅን ዳግመኛ አልረገጠችም።

ቤታችን የነበረበትን ቦታ ደግሞ ሊቀመንበሩ ምሰሶው በወጣ ከሰዓት በኋላ፣ የቀረ ዕቃ ልወስድ ስመለስ፣ በእርምጃው ሲለካ አይቼዋለሁ። መስከረም ሳይጠባ አጥሩን ገፍቶ ምድጃችንን ወደ ግቢው አስገባ። በአዋጁ መሠረት መጨናነቁ ተቃለለ፤ ለእሱ። መንግሥት ወደቀ፣ ሌላ መጣ፣ አጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው አሁን አርጅቷል፤ በመቋሚያ ነው የሚሄደው፤ ባገኘኝ ቁጥር «አክስትህ እንዴት ናት፣ ደህና ናት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሰላምታውን አልመልስም። ሽማግሌን አለመመለስ ነውር ነው ይሉኛል ሰዎች። ይሁን፤ ነውሩን በእኔ ስም ይመዝግቡት።