ለገዛ ውሻዬ ሞት እጄን ያወጣሁ ዕለት

የዚያን እሁድ ጠዋት ጂንካ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ የገዛ ውሻዬ በመርዝ እንዲሞት ድምፅ ሰጠሁ... ማንም ክንዴን ይዞ አላነሳብኝም። የሰው ሁሉ እጅ ሲወጣ የእኔዋ ብቻዋን ጭኔ ላይ መቅረት ፈራች።

እናንተ ዛሬ ስልካችሁን በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ «መረጥን» ትላላችሁ። በደርግ ጊዜ የሚመረጠው በክንድ ነበር። እኔ ያኔ ከጎፋ መጥቼ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር የቀበሌው ጸሐፊ አድርገውኛል። ብልጥ ነኛ... ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው ሳይጀመር ቤቴ ጽፌው እመጣለሁ። «ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

የዕለቱ አጀንዳ እብድ ውሻ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ያበደ ውሻ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ገብቶ ሰው ነክሷል። ስለዚህ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየመንገዱ ይጣል፣ ውሻ የተባለ ሁሉ ይለቅ፣ በዚያው ጅቡም ቀበሮውም ይጠረግ ተባለ።

ሊቀመንበራችን ንግግር ነፍሱ ነው። ማስረጃም አዘጋጅቷል። ማስረጃዋ የአስቴር እናት ናት... ከከተማው ጫፍ በቆሎ የምታርስ የአሪ ሴት። የተነከሰችው እሷ ነች። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሆዷ ላይ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች።

«ጓዶች! ይህችን እናት ተመልከቱ! እናቴ፣ ተነሽና ክንድሽን አሳያቸው።»

ተነሳች፣ አሳየች፣ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«የሚደግፍ?»

አዳራሹ ክንድ በክንድ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሰው ግማሹ ቤቱ ውሻ አለው። እኔም ቡቺ የሚባል አለኝ። ጠዋት ስወጣ ጭራውን እየቆላ እስከ በር ሸኝቶኛል፣ ምስኪን።

«የሚቃወም?» አለ ሊቀመንበሩ ለወጉ ያህል። ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሯል።

ያ በፋሻ የተጠቀለለ ክንድ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «አሁንስ አየነው እናቴ፣ ይበቃል። አውርጂው።»

«እያሳየሁ አይደለም። እየተቃወምኩ ነው።»

ቃለ ጉባኤዬን አየሁት። ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል።

«አንቺ? የተነከስሽው አንቺ?»

«የነከሰኝ አንድ ውሻ ነው። ከላዬ ላይ ያላቀቀልኝም አንድ ውሻ ነው... ዳልቻ፣ የራሴ ውሻ። መርዝ ስሰጠው ዓይኑን እንዴት አድርጌ ነው የማየው?»

አማርኛዋ እንደ እኔው ከገበያ የተለቀመ ነው። ግን ቃል ሲጠፋት አትደነግጥም፣ ቆም ብላ ፈልጋ ታመጣዋለች።

«ደግሞ ውሻ ካለቀ በቆሎዬን ከዝንጀሮ ማን ይጠብቃል? ዝንጀሮ እንደሆነ ያንን ሥጋችሁን ዞር ብሎም አያየው። ጅቡም ይሙት እሺ... ነገ ሌላ ጅብ ከጫካ ይመጣል። መምጣቱን ማን ይነግረናል? አንተ ትጮኽልናለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው? ልጆቻችን ይነከሱ?»

«ሁሉም ውሻውን ቤቱ ይሰር። ሁለት ወር። ያበደው ራሱ ይለያል። እሱን ግደሉ፣ የማንም ይሁን።»

ሰውዬው ግን ሞኝ አልነበረም። «ከእብዱ ጋር የተናከሰው እኮ ያንቺው ዳልቻ ነው። እሱ ራሱ ቢያብድስ?»

 ክንዷን እንደዘረጋች ነው... ቁስሉ እንደሚያማት ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። አላወረደችውም።

«እኔው መጥቼ እነግራችኋለሁ» አለች።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሸክላ ሠሪ ሴት እጇን አወጣች። ቀጥሎ አንድ አናጺ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ሦስት ሰው... እኔስ? እኔማ ከግማሽ በላይ መሆናቸውን በዓይኔ ቆጥሬ ካረጋገጥኩ በኋላ በታላቅ ጀግንነት አወጣሁ።

ሊቀመንበሩ ክንዶቹን አየ፣ እሷን አየ። «በሉ እሰሩ!» አለ። በማግስቱ ጂንካ ገበያ ላይ ገመድ ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጠዋት ቢሮ ተቀምጠን የአስቴር እናት መጣች። ሰላም አላለችም።

«ጠመንጃ ያለው ሰው ስጡኝ። ውሃ እምቢ ብሏል... እኔንም ማወቅ ትቷል።»

 ያ የንግግር አባት ሊቀመንበር ባርኔጣውን አወለቀና የቀበሌውን ጠባቂ አስከትሎ ከእሷ ጋር ሄደ። እኔም ተከተልኩ። ቤቷ ስንደርስ ዳልቻ የታሰረበትን ግንድ ከሩቅ በጣቷ አሳየችና ፊቷን ወደ በቆሎው አዞረች።

ጥይቱ ጮኸ።

«ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት» አለች ሳትዞር። «ቀበሮ እንዳያወጣው። በሽታው ይዛመታል።» ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ብዙ ጀግና አይቻለሁ፣ አንዳንዱን እንዲያውም ዩኒፎርሙን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። እንደዚያች ሴት ያለ ግን አላየሁም።

ሌሎቹ ውሾች ሁለት ወራቸውን ጨርሰው ተፈቱ። ቡቺም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እና ይህ ውለታ ቢስ፣ ዕድሜውን የሰጠችው ሴት በደጃችን ባለፈች ቁጥር ልክ ሌባ እንዳየ ነው የሚጮኽባት። እኔ ሮጬ ወጥቼ «ይቅርታ የአስቴር እናት!» ስላት እየሳቀች «ተወው፣ ሥራው ነው» ትለኛለች።

እውነቷን ነው... እሱስ አፉን በሰዓቱ ይከፍታል፣ ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ።